ዐሥራ ሰባተኛው ጣቢያ

ነገሩ የተጀመረው በመታወቂያ እድሳት ነው። እትዬ አድራሻ መታወቂያቸው ጊዜው ስላለፈበት ወደ ነዋሪዎች ምዝገባ ቢሮ ሄዱ። ወረፋ ጠብቀው ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ፊት ቆሙ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ጸሐፊ ቀና ሳትል ስማቸውን ጠየቀች፣ ዕድሜያቸውን ጠየቀች፤ ቀጥላም፦

"የትውልድ ቦታ?" አለች።

"መቶ ሠላሳ አንድ።"

"ዕድሜዎንማ ነገሩኝ እናቴ። የተወለዱበትን ቦታ ነው የምጠይቅዎት።"

"እኔም እሱን ነው የምነግርሽ ልጄ። መቶ ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር፤ የባቡር ጣቢያ ነው። አባቴ የጣቢያው አለቃ ነበሩ፤ እኔም እዚያው ተወለድኩ።"

ጸሐፊዋ ጻፈች፤ ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። ደግማ ጻፈች፤ አሁንም እምቢ አለ። "እንዲህ የሚባል ቦታ የለም ይላል" አለች። "የድሮው መታወቂያዎ በእጅ ስለተጻፈ ነው ያለፈው። አሁን ከዝርዝሩ ካልተመረጠ አይሄድም። ደግሞ ጣቢያ ሰው የሚሳፈርበት እንጂ የሚወለድበት ነው እንዴ?" ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። "እንዳላጉላላዎት፣ ለጊዜው 'ያልታወቀ' ልበልና ልጨርስልዎት?"

እትዬ አድራሻ ክው አሉ።

እዚህ ላይ ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ መናገር ያስፈልጋል። ስማቸው አድራሻ አይደለም፤ ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። በዋናው ፖስታ ቤት ምድር ቤት፣ አንዲት መስኮት ባለችው ክፍል ውስጥ፣ ለሠላሳ ሁለት ዓመት የሠሩት ሥራ አንድ ነበር፤ መድረሻ ያጡ ደብዳቤዎችን ከባለቤታቸው ማገናኘት። ዝናብ ያጠበው፣ አይጥ የበላው፣ መንገዱ ስሙ የተቀየረበት፣ ቤቱ የፈረሰበት ፖስታ ሁሉ መጨረሻው የእሳቸው ጠረጴዛ ነው። አንድ ጊዜ "ለእኅቴ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር" ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው በከተማው ያሉትን ዳቦ ቤቶች ጀርባ ጀርባውን ሲዞሩ ሰነበቱ። በሩ አረንጓዴ ተቀብቶ አገኙት። እሳቸው ግን ማጠፊያው ሥር የቀረችውን ሰማያዊ ቀለም አይተው አንኳኩ፤ እኅትየዋም ወጣች። ጠረጴዛቸው ላይ "ተፈልጎ አልተገኘም" የሚል ማኅተም ነበር። ጡረታ ሲወጡ ማኅተሙ አዲስ እንደመሰለ ነው ለተተኪያቸው ያስረከቡት።

እንግዲህ እኚህን ሴት ነው "ያልታወቀ ልበልዎት?" ያለቻቸው።

"አትበይ" አሉ እትዬ አድራሻ ቅጹን ከመስኮቱ መልሰው እየሳቡ። "አስታውቄው እመጣለሁ።"

ቤታቸው ሲደርሱ ባለቤታቸው ከቤቱ ጀርባ ባለችው መሥሪያ ክፍላቸው ወንበር እየላጉ ነበር። አናጺ ናቸው፤ ጡረታ ወጥቻለሁ ካሉ አራት ዓመታቸው ነው፤ መላጊያው ግን ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም።

"ዛሬ ያልታወቀ ተብዬ መጣሁ" አሉ እትዬ አድራሻ።

"ማን ነው ያላወቀሽ? እኔ አርባ ዓመት ሙሉ አውቄሽ ምን ተጠቀምኩ?"

"ቀልዱን ተውና ስማኝ።" የሆነውን ነገሯቸው። እትዬ አድራሻ ከዚያ ጣቢያ የወጡት በስድስት ዓመታቸው ነው። እናት አባታቸው አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ ሳይተዉ ሞተዋል፤ ወንድም የለ፣ እኅት የለ። የሚያስታውሱት ቀንና ሌሊት ጠብ ጠብ የሚል ትልቅ የውሃ ጋን፣ የአባታቸውን ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ፣ ከበሩ አጠገብ በድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥር መቁጠር የተማሩት በሱ ነበር፤ አንድን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ሦስትን እየተከተሉ፣ እንደገና አንድን።

አናጺው መላጊያውን አስቀመጡ። "እንፈልገዋለና" አሉ። "ጉልበቴን ግን አደራ፤ ዳገት ካለ በጀርባሽ ነው የምታዝይኝ።"

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ባቡር መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ክፍል ነው። ባቡሩ ከቆመ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ሐዲዱም ተነቅሎ ተሽጧል። የቀረው ወረቀቱና የወረቀቱ ጠባቂ ነው። ጠባቂው ቀጠን ያለ፣ መነጽሩን በግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነበር። የጣቢያዎቹን ሰንጠረዥ አውጥቶ ዘረጋላቸው።

"ዐሥራ ስድስት ጣቢያ ነው እትዬ። ይኸው ከነኪሎ ሜትራቸው። መቶ ሠላሳ አንድ የሚባል የለም። ምናልባት ልጅ ሆነው ሕልም አይተው ይሆናል።"

እትዬ አድራሻ ሰንጠረዡ ላይ ተደፉ። አንድን ቁጥር ከሌላው እየቀነሱ በእርሳስ በማስታወሻቸው ያዙ። በየዐሥራ ሁለት፣ በየዐሥራ ሦስት፣ ቢበዛ በየዐሥራ አራት ኪሎ ሜትሩ አንድ ጣቢያ አለ። ዘጠነኛው ጣቢያ መቶ ዐሥራ ስምንት ላይ ነው። ዐሥረኛው ግን መቶ አርባ አምስት።

"እዚህ ጋ ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር ባዶ ነው" አሉ።

"ሰው የማይኖርበት ቦታ ይሆናላ።"

"እንግዲያው መሐሉ ላይ ማን ነው እኔን የወለደኝ?"

ጠባቂው ሳቀ። "ማስረጃ ካመጡ እኔው ራሴ በቀይ ቀለም እጽፈዋለሁ" አለ።

ቀጥ ብለው ወደ ባዶው ቦታ መሄድ ይችሉ ነበር። እትዬ አድራሻ ግን የምድር ቤት ልማዳቸው አልለቀቃቸውም። የጠፋ አድራሻ ሲፈልጉ መጀመሪያ የጸሐፊውን የእጅ ጽሕፈት ነበር የሚያጠኑት። ጣቢያ ፈራርሶ፣ ተቀብቶ፣ ሌላ ነገር ሆኖ ቢገኝ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ከአንደኛው ጀምረው እያንዳንዱን ሊያዩ ተነሡ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአውቶቡስም በእግርም፣ ሦስት ወር ሙሉ ዞሩ።

አንደኛው ጣቢያ የጫማ ገበያ ሆኗል። በትኬት መስኮቱ በኩል ሸራ ጫማ ይሸጣል፤ ገዢው እንደ ጥንቱ ጎንበስ ብሎ ነው የሚነጋገረው። ሁለተኛው የእናቶች ጤና ጣቢያ ነው። ሆዳቸው የገፋ ሴቶች ተሳፋሪ ይጠብቅባቸው በነበሩት በነዚያው ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ፤ አዋላጇም "ያው ነው እኮ፣ እዚህም የምንጠብቀው መንገደኛ ነው" ብላ አሳቀቻቸው። ሦስተኛው ወፍጮ ቤት ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ዱቄት ለብሷል። በአምስተኛው አንድ ጡረተኛ ወታደር ከነቤተሰቡ ይኖርበታል፤ የባቡር ምልክት በሚሰጠው ብረት ላይ ልብስ አስጥተዋል። ሰባተኛው ላይ ዶሮዎች ሠፍረዋል፤ የጣቢያው አለቃ ቢሮ ውስጥ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላሎቿን ታቅፋ ማንንም አላስገባም አለች። "ይቺ ናት ትክክለኛዋ የጣቢያ አለቃ" አሉ አናጺው። ስምንተኛው ላይ ከመሳፈሪያው መድረክ በቀር የቀረ ነገር የለም፤ የሠፈሩ ሰዎች በላዩ መረብ ዘርግተው ኳስ ይጫወቱበታል።

ዘጠኙን አይተው ሲጨርሱ የጸሐፊው እጅ ጽሕፈት ገባቸው። ሁሉም አንድ ፕላን ነው። በሐዲዱ በኩል ሦስት በር፣ በጀርባ ሁለት። ከመካከለኛው በር በስተቀኝ፣ በጉልበት ልክ፣ ኪሎ ሜትሩ የተቀረጸበት ድንጋይ። አናጺው ደግሞ ከጣሪያው ሥር አንድ ነገር አገኙ። የተሸካሚ እንጨቶቹ መጋጠሚያ ሁሉ በመሮ የተበጁ ትንንሽ ጭረቶች አሉት፤ አንድ ጭረት ከአንድ ጭረት፣ ሁለት ከሁለት ጋር ይገጥማል።

"ይሄ የሚሠራው ፋብሪካ ነው" አሉ እየተደመሙ። "እንጨቱን እዚያ ቆርጠው፣ ምልክት አድርገው ይልኩታል፤ እዚህ የሚገጥመው ሰው መሳሳት አይችልም። ይህን ጣሪያ የትም ባየው አልስተውም።"

ከዘጠነኛው ወደ ዐሥረኛው በሚኒባስ ሄዱ። መንገዱ የተሠራው በተነቀለው ሐዲድ ላይ ስለሆነ እትዬ አድራሻ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ከዓይናቸው አላወጡትም። ዐሥረኛው ጣቢያ በር ላይ ሲቆሙ ቆጣሪው ዐሥራ ዘጠኝ ብቻ ጨምሯል።

"ሾፌር፣ ይሄ ነገርህ ይሠራል?"

"ከኔ ይልቅ እሱ ነው የሚሠራው እማማ።"

እትዬ አድራሻ ባለቤታቸውን ጎሸም አደረጉ። "ወረቀቱ ሃያ ሰባት ይላል፤ መንገዱ ዐሥራ ዘጠኝ ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር የት ገባ?"

አናጺው አሰቡ። "ካልተበላ በቀር ተቆርጧል።"

"አየህ! ሐዲዱ ድሮ በሌላ በኩል ዞሮ ይሄድ ነበር ማለት ነው። በኋላ አቋረጡት፤ ቁጥሮቹን ግን ማን ይነካካቸዋል ብለው እንዳሉ ተዉአቸው። ጣቢያዬ ያለው በተጣለው መንገድ ላይ ነው!"

ሾፌሩ ዞሮ አያቸው፤ መንገደኛ በጠፋ ኪሎ ሜትር ሲፈነድቅበት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ወደ ዘጠነኛው ተመልሰው ከዚያ በእግራቸው ተነሡ። ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲቀጥል፣ በስተግራ ደግሞ በቁጥቋጦ የተሸፈነ፣ ሰው የደለደለው የሚመስል አፈር ለብቻው ሲታጠፍ አዩ። ባቡር እንጂ መኪና እንዲያ ተለሳልሶ አይታጠፍም። ተከተሉት። አናጺው ስለ ጉልበታቸው ማማረር ትተዋል፤ እንዲያውም ከፊት ከፊት ይሄዱ ጀመር። እትዬ አድራሻ ደጋግመው በእርምጃቸው ይቆጥራሉ። ዐሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደረስን መሰለኝ ሲሉ፣ የተደለደለው አፈር ቀስ እያለ ዝቅ አለ፤ ዝቅ አለና ውሃ ውስጥ ገባ።

ከፊታቸው ማዶው የማይታይ የግድብ ሐይቅ ተንጣሏል።

እትዬ አድራሻ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ሁሉ ነገር ግልጽ ሆነላቸው። ግድቡ ሲሠራ ውሃው መንገዱን ሊበላው ነው፤ ሐዲዱን ወደ አቋራጩ አዞሩት፤ ጣቢያውን ከሰንጠረዡ አወጡት። እሳቸውና ቤተሰባቸው በስድስት ዓመታቸው የተነሡትም ለዚህ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የፈለጉት ነገር ከውሃ በታች ነው።

"አገኘሁት እኮ" አሉ እንባቸው እየመጣ። "አገኘሁት፤ ግን ማንኳኳት አልችልም።"

አናጺው አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ብቻ ያዙ። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን እየጠረገ ነበር። ሁለት አረጋውያን ውሃ ዳር ተቀምጠው ሲያለቅሱ ቢያይ ጊዜ ደንግጦ መጣ።

"ምን ጠፋባችሁ?"

"ጣቢያ" አሉ አናጺው። "እዚህ ውሃ ውስጥ የገባ የባቡር ጣቢያ።"

"ጣቢያው? ኧረ እሱ ውሃ ውስጥ የለም። ድሮ ወጥቷል።"

እትዬ አድራሻ ቀና አሉ። "ወዴት ነው የወጣው?"

ዓሣ አጥማጁ በአገጩ ወደ ኮረብታው አመለከተ። "ወደ ላይ። አባቶቻችን ናቸው ያወጡት።"

ኮረብታውን እንዴት እንደወጡ ሁለቱም አያስታውሱም፤ አናጺውን ማንም አላዘላቸውም። ጫፉ ላይ ትምህርት ቤት አለ። በአጥሩ በር ሲገቡ እትዬ አድራሻ ቆም ብለው ቆጠሩ፤ ወደ ሐይቁ የሚያይ ሦስት በር። አናጺው ለመቁጠር አልቆሙም። እንግዳ ነኝ ሳይሉ፣ መምህሯን በጥድፊያ ይቅርታ ጠይቀው፣ ክፍሉ መሐል ገብተው አንገታቸውን ወደ ጣሪያው ቀለሱ።

"አንድ ከአንድ፣ ሁለት ከሁለት!" ብለው ጮኹ። "አንቺ ሴት፣ ነይ እዪ! ሦስት ከሦስት!"

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። እትዬ አድራሻ ግን አልገቡም። ከመካከለኛው በር በስተቀኝ ተንበርክከው፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ነበር። ኖራው በያመቱ ስለተደራረበ እንደ ቆዳ ወፍሯል። የቤታቸውን ቁልፍ አውጥተው ፋቁ። መጀመሪያ አንድ ወጣ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ ሌላው አንድ። እንደ ልጅነታቸው ቁጥሩን በጣታቸው ተከተሉት፤ መምህሯም፣ ተማሪዎቹም፣ አናጺውም ዙሪያቸውን ከበው ያዩአቸው ነበር።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አሉ አናጺው።

መምህሯ ታሪኩን ታውቃለች፤ ከአያቷ የሰማችው ነው። ውሃው ሊመጣ ነው በተባለ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሐዲዱን ብቻ ነቅሎ ሄደ፤ ሕንጻውን ለውሃው ተወው። የሠፈሩ ሰው ግን ትምህርት ቤት አልነበረውምና ጣቢያውን ድንጋይ በድንጋይ አፍርሶ፣ በጀርባውና በእጅ ጋሪ እየተሸከመ ኮረብታው ላይ እንደገና አቆመው። አርባ ቀን ፈጀባቸው። ጣሪያው ሲገጠም አንድም እንጨት አልተሳሳተም፤ ምክንያቱን አሁን አናጺው ነገሯት።

"አያቴን ማግኘት አለብዎት" አለች መምህሯ። "ባለቤቷ እዚያ ጣቢያ ሐዲድ ያቀያይር ነበር።"

አያትየዋ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ ጆሮና ምላስ ግን ሙሉ ነው። እትዬ አድራሻ የአባታቸውን ስም ሲነግሯቸው እጃቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ዳበሱ።

"የአለቃ ልጅ? ባቡሩን ያቆምሽው?"

"እኔ? ምን አቆምኩ እማማ?"

"እንዴት አልነገሩሽም! እናትሽን ምጥ የያዛት የጧቱ ፈጣን ባቡር በሚያልፍበት ሰዓት ነው። እኔና አንዲት ሴት ይዘናታል። አባትሽ በአንድ እጁ አረንጓዴውን ባንዲራ፣ በሌላው ቀዩን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ባቡሩ መጣ። አንቺ አለቀስሽ። እሱ ደንግጦ ያነሣው ቀዩን ነው! ባቡሩ ቀጥ። ነጂው ወርዶ 'ምን ተፈጠረ?' ቢለው 'ሴት ልጅ' አለው። ተሳፋሪው በሙሉ በመስኮት ብቅ ብሎ እልል አለልሽ። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ቆመ። ባለቤቴ እስኪሞት ዐሥራ አንዱን ደቂቃ ሲያወራ ኖረ፤ አባትሽ ተጠይቆበታል መሰለኝ።"

እትዬ አድራሻ ሳቁም፣ አለቀሱም። ከዚያ ግን በድንገት ቀጥ ብለው ተቀመጡ። "ተጠይቆበታል? በጽሑፍ?"

በሦስተኛው ቀን መዝገብ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። "የዘገዩ ባቡሮች መዝገብ አላችሁ?" ብለው ሲጠይቁት ጠባቂው ግራ ገባው። አለ፤ ሰንጠረዦቹ በየጊዜው ሲለወጡ፣ እሱን ግን የሚፈልገው ስለሌለ ማንም አልነካውም። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረደው፤ አቧራው ሁለቱንም አስነጠሳቸው። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን አገኙ። ጠባቂው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ጮክ ብሎ አነበበ፦

"ጣቢያ፣ መቶ ሠላሳ አንድ። የዘገየበት ጊዜ፣ ዐሥራ አንድ ደቂቃ። ምክንያት፣ የጣቢያው አለቃ ባለቤት በጣቢያው ሴት ልጅ ስለተገላገሉ። ውሳኔ፣ በማስጠንቀቂያ ታልፏል።" ከሥሩ የተቆጣጣሪው ፊርማ አለ፤ ከፊርማው ጎን ደግሞ በዚያው እጅ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ "ያሳድግላቸው" ተብሏል።

ጠባቂው ሰንጠረዡን ዘረጋ፤ ቀይ እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ። በዘጠነኛውና በዐሥረኛው መሐል አዲስ መስመር አስምሮ መቶ ሠላሳ አንድ ብሎ ጻፈ። የታችኛውን ዐሥራ ስድስት ሰርዞ ዐሥራ ሰባት አደረገው። "ሕልም ያየሁት እኔ ነኝ እትዬ፤ ይቅር ይበሉኝ" አለ። የመዝገቡን ቅጂ በማኅተም አጽድቆ ሰጣቸው።

ምዝገባ ቢሮ ሲሄዱ መስኮቱ ላይ ያቺው ጸሐፊ ነበረች። ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ከወንበሯ ተነሣችና ለጎረቤቷ አነበበችላት፤ ጎረቤቷ ለቀጣዩ። ኃላፊው ተጠርቶ መጣ። ቦታው ከዝርዝሩ ውስጥ እስኪገባ አንድ ሳምንት ፈጀ። በስምንተኛው ቀን ጸሐፊዋ ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ በመስኮቱ ሳይሆን በበሩ በኩል ወጥታ ሰጠቻቸው።

ወሬው ከነሱ ቀድሞ ኮረብታው ላይ ደርሷል። ትምህርት ቤቱ በሩ ላይ "መቶ ሠላሳ አንድ" የሚል አዲስ ሰሌዳ የሰቀለ ቀን እትዬ አድራሻና አናጺው፣ የመዝገብ ቤቱም ጠባቂ ተጋብዘው ሄዱ። ግቢው ሞልቷል። መምህሯ ታሪኩን ለተማሪዎቹ ተናገረች፤ ሲያበቃ የተዘጋጀ ሌላ ነገር አልነበረም። ያኔ ግን አንድ ዘንግ የያዙ ሽማግሌ ከሰው መሐል ወጡ። ወደ ግድግዳው ተጠግተው፣ ከመስኮቱ በታች ያለ አንድ ጠርዙ የተሸረፈ ድንጋይ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

"ይቺ የኔ ናት" አሉ። "ዳገቱ ወገብ ላይ ጥያት ነው የተሸረፈችው።"

"የኔዎቹ ሁለቱ እነኚያ ናቸው" አለች ሌላ ሴት፤ "ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ ተይ እያሉኝ ነው የተሸከምኩ።" ሌላው ማዕዘኑ ጋ ሄደ። ሌላው ደፉን ያዘ። አንዱ የአባቱን ድንጋይ፣ አንዷ የሟች ባሏን ፈልገው አገኙ። ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ዙሪያውን በሰው እጅ ተሸፈነ። የሰማንያ ስድስት ዓመት አያትየዋ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጡና የእትዬ አድራሻን እጅ ይዘው መካከለኛው በር ጋ አቆሟቸው።

"አንቺ ደግሞ እዚህ ነሽ" አሏቸው።

አናጺው በዚህ ሁሉ መሐል አልነበሩም። ጣሪያው ላይ ወጥተው፣ ባለፈው ሲመጡ ያዩትን የሚያፈስ ቦታ ሊጠግኑ መዶሻቸውን ያስተጋቡ ነበር፤ ከታች ተማሪዎቹ መሰላሉን ይዘው በጋራ ምስማር ይቆጥሩላቸዋል።